የጅማ ክረምትና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥራ ልምምድ

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ የጅማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሁለት ወር የበለጠ የዕረፍት ጊዜ አላቸው። ይህን ጊዜ በመሥሪያ ቤት፣ በድርጅት ወይም በአንድ ባለሙያ ዘንድ በሥራ ልምምድ፣ በተለምዶ ኢንተርንሺፕ በምንለው መንገድ፣ ቢያሳልፉት የሚለው ሐሳብ በወላጆችም በመምህራንም ዘንድ ሲነሳ ይሰማል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ሆኖም ሲነሳ ብዙ ጊዜ ተማሪው ክረምቱን ሥራ ፈትቶ የሚያሳልፍ ተደርጎ ይታሰባል፤ ይህ ግን በጅማና በዙሪያዋ ላሉ ለብዙዎቹ ልጆች እውነት አይደለም። ከማና፣ ከጎማ፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ወይም ከዴዶ መጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤተሰቡ ማሳ ይመለሳል። የከተማው ልጅ ደግሞ በጅማው መርካቶ ውስጥ ባለው የቤተሰቡ ሱቅ ይቆማል፣ በእናቱ ምግብ ቤት ያስተናግዳል፣ ወይም የደብተርና የዩኒፎርም መግዣውን በቀን ሥራ ይፈልጋል። ተማሪዎቹ በክረምትም ይሠራሉ። ሊያሳስበን የሚገባው የሚሠሩት ሥራ ያስተምራቸዋል ወይ፣ ካስተማራቸውስ ማን ያውቅላቸዋል የሚለው ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። መሻሻል መኖሩ ባይካድም፣ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በቀጥታ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት አላገኙም ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም በግል ኮሌጅ በኩል መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ሌሎቹ በቀጥታ ወደ ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። ታዲያ የሥራ ልምምድ በአገራችን የተደራጀው ለማን ነው? የምህንድስና ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው ወደ ድርጅት ተልኮ ይለማመዳል፤ የሕክምና ተማሪ የመጨረሻውን ዓመት በኢንተርንነት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፤ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደግሞ የትብብር ሥልጠና በሚባለው አሠራር 70 በመቶው ሥልጠና በተግባር እንዲሆን ይጠበቃል። ልምምዱ የሚገኘው ሙያው ከተመረጠ በኋላ ነው። ገና ሊመርጥ ያለው፣ ከ10ኛ ክፍል ሲያልፍ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ የሚወስነው ልጅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የእንጨት ሠራተኛ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ሳያይ ይወስናል። እኔ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ መነሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤትና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲን ሲመሠርቱ፣ አዲሱ ተቋም ከኢንስቲትዩቱ የወረሰው አንድ አስተሳሰብ ነበር፤ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት። በዚህ አሠራር ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌዎችና ወደ ወረዳዎች ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ፣ ከነዋሪው ጋር ችግር ይለያሉ፣ በጤና ጣቢያዎች ውስጥ ከልዩ ልዩ የጤና ሙያዎች የተውጣጡ ተማሪዎች አብረው ይሠራሉ። የጅማ ነዋሪ ለመማር ወደ ደጁ የሚመጣን ወጣት ለዓመታት ሲቀበል ኖሯል ማለት ነው። ይህ ልማድ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሠራ፣ በመጠኑ ተስተካክሎ ለ16 ዓመት ተማሪ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያስቸግረው የወቅት ጉዳይ ነው። የክረምት ልምምድ የሚለው ሐሳብ በመጣባቸው አገሮች የእኛ ክረምት በጋ ነው፤ ቀኑ ረጅም፣ መንገዱ ደረቅ፣ ሥራው የተሟሟቀ ነው። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ የዝናቡም ከፍተኛ ክፍል የሚወርደው ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት ነው። የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ፍርድ ቤቶች ለክረምት ዕረፍት ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር ይዘጋሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢም በሐምሌ ወር የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በማስተናገድ የሚጠመድባቸው ቀናት አሉ። ጠበቃ ለመሆን የሚያስብን ልጅ በነሐሴ ወር ፍርድ ቤት መመደብ ባዶ ወንበር እንዲቆጥር መላክ ነው። ማንኛውም የልምምድ ዕቅድ መጀመር ያለበት በክረምት በጅማ የትኛው ሥራ በሕይወት አለ ብሎ በመጠየቅ ነው።

ጥያቄው ከቡና ሲጀመር መልሱ ያስገርማል። ብዙ ሰው የቡና ሥራ ሲባል የሚታየው ለቀማው ነው፤ ለቀማው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ተማሪው ክፍል ውስጥ በሚገኝበት ወቅት ስለሚካሄድ፣ ቡናና የክረምት ልምምድ የማይገናኙ ይመስላል። ነገር ግን እውቀት የሚጠይቀው የቡና ሥራ ትልቁ ክፍል የሚሠራው በዝናቡ ወራት ነው። በችግኝ ጣቢያ ያደገው ችግኝ ወደ ማሳ የሚወጣው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ አረም የሚነቀለው፣ የጥላ ዛፍ የሚስተካከለው፣ የጎደለ ቦታ በአዲስ ችግኝ የሚተካው ያን ጊዜ ነው። ሲቢዲ እየተባለ የሚጠራው፣ ያልበሰለውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፈው የፈንገስ በሽታም የሚበረታው በቀዝቃዛውና በዝናባማው ወቅት ስለሆነ፣ የተጠቃ ፍሬ ቆጠራ የሚደረገው በክረምት ነው። የዚህ በሽታ ታሪክ ደግሞ ከጅማ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በሽታው ካጠቃቸው ቦታዎች መካከል ሳይጎዱ የቀሩትን ዛፎች እየመረጡ ዘራቸውን በመውሰድ፣ መልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚቋቋሙትን ዝርያዎች ለይተው አወጡ። 74110 እና 74112 በሚባሉት ዝርያዎች ስም መነሻ ላይ ያለው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ዛሬ እነዚህ ዝርያዎች በጅማ ዙሪያ ባሉ ማሳዎች በስፋት ተተክለዋል።

የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂን የጨረሰ ተማሪ በሐምሌ ወር ለሦስት ሳምንት ከአንድ የልማት ባለሙያ ጋር እየዞረ በተመረጡ ዛፎች ላይ ጤነኛውንና የታመመውን ፍሬ ቢቆጥር፣ በመቶኛ አስልቶ ቢመዘግብ፣ አንድን ዝርያ ከሌላው ቢያወዳድር፣ ሒሳብንም ባዮሎጂንም ስታቲስቲክስንም በአንድ ላይ ይማራል። ውጤቱም ለገበሬው የሚጠቅም መረጃ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ልምምድ የገበሬውን ልጅ ከቤቱ አያርቀውም፤ አባቱ ማሳ ላይ ሆኖ፣ ከአባቱ ሥራ ጎን ለጎን ሊያደርገው ይችላል። ለጅማ ተማሪ ከቢሮ ኮምፒዩተር ፊት ከመቀመጥ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው በክረምት የሚሞቅ ሥራ የሒሳብ ሥራ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ሐምሌ የንብረት ቆጠራ፣ የሒሳብ መዝጊያና ለነጋዴው የግብር ወር ነው። የግል የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮዎች በዚህ ወር ደረሰኝ በመደርደር፣ በመመዝገብና በማመሳከር ተጠምደው ያመሻሉ፤ ዕቃ ቆጠራ የሚያደርጉ ሱቆችና መጋዘኖችም የሰው እጅ ያጥራቸዋል። ደረሰኝ በቀን ማስተካከል፣ የተቆጠረውን ዕቃ ከመዝገብ ጋር ማነጻጸርና ልዩነት ሲገኝ ምክንያቱን መፈለግ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በቶሎ ሊለምደው የሚችል፣ ግን ሙሉ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች፣ ማተሚያ ቤቶችና የልብስ ስፌት ቤቶች ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ይዘጋጃሉ። የሞባይልና የኮምፒዩተር ጥገና ዓመቱን ሙሉ አለ። በስሟ የሚጠራው ባለሦስት እግር በርጩማ የሚሠራባቸው የጅማ የእንጨት ሥራ ቤቶችም በዝናብ አይዘጉም፤ በእነርሱ ላይ ግን ቀጥሎ የማነሳው ጥንቃቄ አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ደግሞ ወጣት ሠራተኛ ብሎ በልዩ ጥበቃ ሥር ያስቀምጠዋል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊሠራ አይችልም፤ የትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ አይፈቀድም። ሕይወቱን ወይም ጤናውን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራም ተከልክሏል። በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ 9ኛ ክፍልን ሲጨርስ 16 ዓመት ስለሚሆነው በዕድሜ በኩል የሚያስቸግር ነገር የለም። ልምምዱ ደመወዝ ስለሌለው ሕጉ አይመለከተውም ብሎ መከራከር ግን አደገኛ ነው፤ ደመወዝ የማይከፈለው ልጅ ከሚከፈለው ያነሰ ጥበቃ ይገባዋል የሚል ሰው ሊኖር አይገባም። በእንጨት ሥራ ቤት የተመደበ ተማሪ መለካት፣ ንድፍ ማውጣት፣ በእጅ መላግ፣ ማለስለስና ቀለም መቀባት ይችላል፤ ወደ መሰንጠቂያው ማሽን ግን መቅረብ የለበትም። ይህ በቃል የሚታለፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን በፊት በወረቀት የሚሰፍር መሆን አለበት።

ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ብዙ ተማሪዎች የሚመኟቸው ቦታዎች ናቸው፤ በጅማ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል በመኖሩ ምኞቱ የበለጠ ይጠናል። እዚህ ግን ከተማሪው ፍላጎት በፊት የሚመጣ የበሽተኛው መብት አለ። የ16 ዓመት ልጅ የጎረቤቱን የምርመራ ውጤት የሚያይበት፣ ከደምና ከመርፌ ጋር የሚገናኝበት ምደባ መኖር የለበትም። በሰው ሀብት፣ በዕቃ ግምጃ ቤት፣ በመድኃኒት ክምችት ምዝገባ ወይም በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ለአጭር ጊዜ መቆየት ግን ይቻላል፤ ከባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ ስለ ሥራቸው መጠየቅም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የልምምድ ቦታዎች ጥቂት፣ ፈላጊዎች ብዙ ሲሆኑ ቦታው የሚደርሰው ለማን ነው? የባንክ ሥራ አስኪያጅ የወንድሙን ልጅ ይወስዳል፣ ሐኪሙ የጓደኛውን ልጅ ያስገባል፤ ማንም ክፉ አላሰበም፣ ነገር ግን ቤተሰቡ ውስጥ ቢሮ የሚሠራ ሰው የሌለው ልጅ በሩን እንኳ ሳያንኳኳ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ የተስፋፋ ልምምድ ልዩነትን ያሰፋል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው የወጣቶች የክረምት ሥራ መርሐ ግብር አመልካቹ ከቦታው ስለሚበልጥ በዕጣ ይመድባል። ዕጣው ለፍትሐዊነት ብቻ ሳይሆን ለጥናትም በር ከፍቷል፤ ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር ማወዳደር ተችሏልና። ውጤቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ መርሐ ግብሩ የወጣቶቹን የኋላ ገቢ አላሳደገም፣ ነገር ግን እስር ቤት የመግባትንና ያለ ዕድሜ የመሞትን ዕድል ቀንሷል። በቺካጎም እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ትምህርት ቤቶች 1,634 ወጣቶችን ያሳተፈ ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለ8 ሳምንታት የክረምት ሥራ ባገኙት ወጣቶች ላይ ከአመፅ ወንጀል ጋር የተያያዘ እስር በ16 ወራት ውስጥ በ43 በመቶ አንሷል። የአሜሪካ ከተሞች ችግር የጅማ ችግር አይደለም፣ ቁጥሮቹንም ወደዚህ አምጥቶ መትከል አይቻልም። ሆኖም ሁለት ነገር እንማርበታለን። ለወላጆች ልጃችሁ በዚህ ልምምድ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ ምደባውንም ከዘመድ እጅ አውጥቶ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሁሉም እያየ፣ በዕጣ መፈጸም ይቻላል። ዕጣ ማውጣት ለጅማ እንግዳ አይደለም፤ በየሰፈሩ ያለ ዕቁብ ሁሉ ይሠራበታል።

ዕጣው ብቻውን ግን አይበቃም። ዕጣ የወጣላት ልጅ በክረምቱ ሠርታ የመስከረምን ወጪ የምትሸፍን ከሆነች ያለ ክፍያ ለሁለት ወር መቀመጥ አትችልም፤ ዕድሏን ለሌላ ትተዋለች። ለዚህ ነው ልምምዱ ረጅም እንዳይሆን የምከራከረው። በጀርመን ትምህርት ቤቶች የተለመደው የተማሪ ልምምድ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው፤ በጃፓን የህዮጎ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1998 ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ያስጀመረው የሥራ ሳምንት 5 ቀን ብቻ ነው። ለጅማ በግማሽ ቀን የሚሠራ የሦስት ሳምንት ልምምድ፣ ከባጃጅ ሒሳብና ከምሳ ጋር፣ ከሁለት ወር ነፃ ጉልበት የተሻለ ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና በማሰብ ልጃቸውን የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት የሚያስገቡ ወላጆችም ግማሽ ቀኑን አይከለክሉም፤ ወደ 12ኛ ክፍል የሚያልፉትን ለጥናታቸው ትቶ 9ኛንና 10ኛን ለጨረሱት ቅድሚያ መስጠትም ይቻላል።

ከዚህም በላይ፣ ቀድሞውኑ እየተሠራ ያለውን ሥራ ወደ ልምምድነት መለወጥ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ይህ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። እናቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ክረምቱን በምጣድ ዙሪያ ታሳልፋለች። አንድ መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያገኛትና የጤፉን፣ የማገዶውን፣ የውኃውንና የእናትና የልጅን የሥራ ሰዓት ወጪ እንድትመዘግብ፣ የአንዱን እንጀራ እውነተኛ ዋጋ እንድታሰላ፣ በረከሰውና በተወደደው ጤፍ መካከል ያለውን ልዩነት በወር ገቢ እንድትለካ ቢረዳት፣ ልጅቷ ማንም ቢሮ ውስጥ ከሚቀመጥ ተለማማጅ ያላነሰ ትማራለች። ቤተሰቡም ያተርፋል። እንዲህ ያለው ልምምድ አስተናጋጅ ድርጅት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጊዜ የተሰጠውና ለጊዜው የሚከፈለው መምህር ነው።

ስለ ሴት ተማሪዎች ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። የቤት ሥራ ጫና ከወንድሞቻቸው ይልቅ በእነርሱ ላይ ይከብዳል፤ ወላጆች ሴት ልጃቸውን የማያውቁት ድርጅት ለመላክ ቢፈሩም ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ሴት ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቢመደቡ፣ ተቆጣጣሪያቸው የሚቻል ሲሆን ሴት ብትሆን፣ ከመሸ በኋላ ወይም በዝግ ክፍል ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የሚሠራ ሥራ ቢቀር፣ ችግር ሲገጥማቸው የሚደውሉላት አንዲት መምህርት ስልኳን ሰጥታ ብትጠብቅ፣ አደጋው ይቀንሳል። እነዚህ ባልተሟሉበት ቦታ ሴት ተማሪ መመደብ የለባትም፤ ቦታውም ለወንድ ተማሪ ከመሰጠቱ በፊት ድርጅቱ ለምን ማሟላት እንዳልቻለ ሊጠየቅ ይገባል።

አስተናጋጁ ድርጅትስ? ቅሬታው የታወቀ ነው። ባለሙያው ሥራ ይበዛበታል፣ ተማሪው ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ያጣል፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ሻይ ማምጣት የቀኑ ሥራ ይሆናል፣ በመጨረሻም ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ይሸኛል። መድኃኒቱ ሦስት ነገር የያዘ አንድ ገጽ ስምምነት ነው፤ ተማሪው የሚያከናውነው የተወሰነ ሥራ፣ በኃላፊነት የሚያስተምረው አንድ ሰው ስም፣ እና ተማሪው የማይነካቸው ሥራዎች። ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች እንደሚይዙት ያለ የዕለት መዝገብ ይሻላል፤ ተማሪው የሠራውን፣ ያልገባውንና የጠየቀውን በገዛ ቃሉ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ይጽፍበታል፣ ኃላፊውም በየሳምንቱ ይፈርምበታል። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ያን መዝገብ የሚያነብ መምህር ልጁ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚከብደው ያውቃል።

ይህ ሁሉ ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚታሰብ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የሠራተኛ ጉዳይን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነው ቦታዎችን በሚያዝያ ቢመዘግቡ፣ በግንቦት ዕጣ ቢያወጡ፣ የክፍል ፈተና እንዳለቀ ለተማሪዎቹና ለአስተናጋጆቹ ግማሽ ቀን ገለጻ ቢሰጡ፣ ልምምዱ በሐምሌ አጋማሽ ተጀምሮ ነሐሴ ሳይጋመስ ሊጠናቀቅ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ተማሪዎችን፣ ግማሾቹን በቡና ማሳና በቤተሰብ ሥራ፣ ግማሾቹን በሒሳብ ቢሮዎች፣ በጥገናና በእንጨት ሥራ ቤቶች ቢመድብ ይበቃል። እስካሁን መልስ ያላገኘው የባጃጁንና የምሳውን ወጪ፣ የሚከታተሉትን መምህራን አበል ማን ይሸፍናል የሚለው ነው፤ ወላጅ ይሸፍን ከተባለ ዕጣው ትርጉም ያጣል፣ አስተናጋጁ ይሸፍን ከተባለ ትንንሾቹ ሱቆች ይሸሻሉ። ስለዚህ ወጪው በትምህርት ቤቶች ዓመታዊ ዕቅድና በከተማው በጀት ውስጥ መስመር ይዞ መግባት ይኖርበታል፤ የበጀት ዕቅድ የሚዘጋጀው ደግሞ ከሰኔ በፊት ነው።